ኤድዋርድ ሩፔል፦ የቀይ ባሕርና የጣና ዓሦች መርማሪ

ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ጭላዳ፣ ዋልያ፣ ጎርጓሪና ቤዞ የሚሉት ቃላት ከስሜን ደጋ እስከ ጣና ዳርቻ ሲነገሩ የኖሩ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በገደል ላይ የሚኖሩ የዱር እንስሳት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ በሐይቅ ውስጥ የሚኖሩ ዓሦች መጠሪያ ናቸው። ዛሬ በለንደንም ሆነ በቶኪዮ፣ በሞስኮም ሆነ በካይሮ ስለነዚህ እንስሳት የሚጽፍ ሊቅ ሁሉ የሚጠቀምበት ሳይንሳዊ ስም ከነዚሁ የአገራችን ቃላት የተወሰደ ነው። ቃላቱን ከአገሬው ሰው አፍ ተቀብሎ ወደ ዓለም የሳይንስ መዝገብ ያስገባቸው ኤድዋርድ ሩፔል የተባለ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው። ይህ ሰው የቀይ ባሕርን የኮራል አለቶችና ዓሦች ሲመረምር ቆይቶ ወደ ጎንደር የዘለቀ፣ የጣናንም ዓሦች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ ዘዴ የገለጸ ነው። ሥራው እርሱ ከሞተ ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በጣና ላይ የተነሣን ትልቅ ክርክር ለመፍታት ጠቅሟል።

ሩፔል የተወለደው በኅዳር 20 ቀን 1794 ፍራንክፈርት በምትባለው የጀርመን ከተማ ነው። አባቱ ባለጸጋ የባንክ ሰው ስለ ነበረ ልጁም የእርሱን ፈለግ ተከትሎ ነጋዴ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ይሁን እንጂ በ1817 ወደ ግብፅና ወደ ሲና በረሃ ያደረገው ጉዞ ሐሳቡን ፈጽሞ ለወጠው። በዚያ ያየው የምድረ በዳው ተፈጥሮ ልቡን ስለ ማረከው ንግዱን ትቶ ወደ ጣልያን አገር በመሄድ የዕፀዋትንና የእንስሳትን ትምህርት ተማረ። ከዚህም ሌላ የአንድን ቦታ አቀማመጥ በፀሐይና በከዋክብት ለክቶ የማወቅን ጥበብ ቀሰመ። በትውልድ ከተማው በዚያው በ1817 የተመሠረተው የዘንከንበርግ የተፈጥሮ ምርምር ማኅበርም ብዙ ሳይቆይ አባል አድርጎ ተቀበለው። ከአባቱ የወረሰው ሀብት የጉዞውን ወጪ ለመሸፈን አስችሎታል። እንግዲህ ሀብቱን ለምቾት ሳይሆን ለዕውቀት ያዋለ ሰው ነው ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ታላቅ ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 የቆየ ነበር። ሚካኤል ሃይ የተባለ ሐኪም ረዳት አድርጎ ሲናን፣ የዓቃባን ባሕረ ሰላጤ፣ ኑብያንና ኮርዶፋንን ዞረ። በዚህም ጉዞ ከሁሉ ይልቅ ልቡን የሳበው ቀይ ባሕር ነው። ከእርሱ በፊት ፎርስኮል የተባለ ሌላ ተመራማሪ በ1760ዎቹ የቀይ ባሕርን ዓሦች ማጥናት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ሥራውን ሳይፈጽም በ1763 በየመን ምድር በሕመም ሞተ። ሩፔል ይህን የተቋረጠ ሥራ ወደ ፊት ከገፉት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ቀይ ባሕር ለተመራማሪ የተመቸ የሆነበት ምክንያት የኮራል አለቶቹ ናቸው። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ዛፍ ይመስላል እንጂ በእውነቱ የብዙ ጥቃቅን እንስሳት ማኅበር ነው። እነዚህ እንስሳት ከባሕሩ ውሃ ኖራ መሰል ነገር እየወሰዱ ለመኖሪያቸው የሚሆን ጠንካራ ቤት ይሠራሉ፤ አንዱ ትውልድ ሲያልፍ ሌላው በላዩ ላይ ይሠራል። እንዲህ እያለ በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ መርከብን የሚሰብር አለት ይቆማል። የኮራል አለት ከዓለም ውቅያኖሶች ወለል ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሸፍንም፤ ሆኖም ከታወቁት የባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሕይወታቸው ዘመን በእርሱ ይጠለላሉ። ለዓሦች ቤትም፣ ጎተራም፣ የልጅ ማሳደጊያም ነው። ስለዚህ የኮራል አለት ሲጠፋ የዓሣ አስጋሪው እንጀራም አብሮ ይጠፋል።

ሩፔል ወደ አገሩ ተመልሶ የቀይ ባሕርን ዓሦች የሚገልጽ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በተከታታይ ክፍሎች አሳተመ። ስለ ሸርጣኖችና አጥንት ስለሌላቸው ሌሎች የባሕር እንስሳትም ጻፈ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጉዞው ካጠናቸው ዓሦች መካከል በግንባሩ ላይ ጉብታ የሚያወጣውና ናፖሊዮን እየተባለ የሚጠራው ታላቅ የኮራል ዓሣ ይገኛል። ይህ ዓሣ ሲያድግ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ሩፔል በ1835 ስም አወጣለት፤ በኋላ ግን ለሥጋው ሲባል በብርቱ ስለ ታደነ በ2004 የዓለም መንግሥታት ንግዱ በቁጥጥር ሥር እንዲሆን ወሰኑ። ጫፉ ነጭ ክንፍ ያለው የኮራል ሻርክም ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሰው ነው።

በ1831 ሩፔል ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ምሥራቅ አፍሪቃ ተጉዞ ምጽዋ ደረሰ። አብሮት ቴዎዶር ኤርክል የተባለ ወጣት አዳኝና የእንስሳት ቆዳ አዘጋጅ ነበረ። ሐሳቡ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ለመውጣት ነበር። ይሁን እንጂ ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት በመሆኑ መንገዱ ሰላም አልነበረም። የትግሬው ገዢ ደጃዝማች ሰባጋዲስ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ደብረ ዓባይ ላይ ድል ሆነው ከተገደሉ ወዲህ አገሩ ገና አልረጋም። ስለዚህ ተጓዡ በምጽዋ ሙቀት ውስጥ ለብዙ ወራት ለመቆየት ተገደደ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ጊዜ በማማረር ያሳልፈው ነበር። ሩፔል ግን ወደ ባሕሩ ዞረ። የዳህላክን ደሴቶች ጎበኘ፤ አስጋሪዎች የሚያወጡትን ዓሣ እየተመለከተ ለየ፣ ሣለ፣ መዘነ። በዳህላክ ባሕር ውስጥ ዱጎንግ የተባለውን፣ እንደ ላም በባሕር ሣር ላይ የሚሰማራውንና ልጁን ጡት የሚያጠባውን እንስሳ አገኘ። ቆዳው በኦሪት ዘመን የደብተራ ኦሪት መሸፈኛ የነበረው ይኸው እንስሳ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ስለ ገመተ፣ ያወጣለትን ሳይንሳዊ ስም ከድንኳኒቱ ስም ወሰደ። ግምቱ ትክክል ይሁንም አይሁን፣ ዱጎንግ በቀይ ባሕር መኖሩን ከገለጹት የመጀመሪያ ጽሑፎች አንዱ የእርሱ ነው።

በ1832 መንገዱ ሲከፈት ጓዙን ጭኖ በትግሬ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች ወጣ። ስሜንን በዚያ ጊዜ ደጃዝማች ውቤ ይገዙት ነበር። ሩፔል የክረምቱን ወራት በዚያ ውርጭና ጉም ውስጥ አሳለፈ። የተራሮቹን ከፍታ በአየር ግፊት መለኪያ መሣሪያ ለካ፤ እንስሳቱንም መረመረ። ከዚያ የመጡት ግኝቶች ስሙን በዓለም እንዲታወቅ አደረጉ። ደረተ ቀዩን ጭላዳ ዝንጀሮና ዋልያን በ1835፣ ቀይ ቀበሮን ደግሞ በ1840 ለሳይንስ ዓለም ገለጸ። ለጭላዳና ለዋልያ የሰጠው ስም ከሕዝቡ አጠራር የተወሰደ ሲሆን፣ ለቀይ ቀበሮው ደግሞ የስሜንን ስም አወጣለት።

በጥቅምት ወር 1832 ጎንደር ገባ። የነገሥታቱ ግንቦች በዚያን ጊዜ ቆመው ይታዩ ነበር፤ የንጉሡ ሥልጣን ግን ስም ብቻ ቀርቶት እውነተኛው ኃይል በመሳፍንቱ እጅ ነበር። ሆኖም ጎንደር የሊቃውንትና የንግድ ከተማነቷን አላጣችም። ሩፔል እስከ 1833 ግንቦት ወር ድረስ ከተማዋን ማረፊያው አድርጎ ወደ ቆላውና ወደ ጣና እየወረደ ሠራ። ከከተማዋ ሊቃውንት ጋር፣ በተለይም ከሊቅ አጽቁ ጋር ተዋወቀ። ሊቅ አጽቁ ስለ አገሪቱ ታሪክና ሕግ ካላቸው ዕውቀት አካፈሉት። በዚህ ቆይታው ያገኛቸውን የብራና መጻሕፍት በኋላ ለፍራንክፈርት ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከነዚህ መካከል የነገሥታት ታሪክ የያዙት የጎንደርን ዘመን ለሚመረምሩ ምሁራን ምንጭ ሆነዋል። ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ከተጻፉባት አገር ርቀው በመቅረታቸው፣ የአገሩ ተማሪ ሊያያቸው ቢፈልግ ባሕር ተሻግሮ መሄድ ነበረበት። አንድ ሥራ ለዓለም ሲጠቅም ለባለቤቱ ሊጎድል እንደሚችል ይህ ያስረዳል።

ሩፔል በባሕር ዳር የለመደውን የምርምር ዘዴ ወደ ጣና ይዞ ወረደ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐይቅ ነው። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ በጢስ ዓባይ 40 ሜትር ያህል ቁልቁል ስለሚወረወር፣ ከታች ያሉ ዓሦች ያን ፏፏቴ ወጥተው ወደ ሐይቁ ሊገቡ አይችሉም። ስለዚህ የጣና ዓሦች በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ለብቻቸው ተለያይተው፣ በሌላ ቦታ የማይገኝ መልክ ያዙ። የሐይቁን ዓሦች ጠባይ ከማንም አስቀድመው የሚያውቁት በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉት የሐይቁ ዳር ሰዎች፣ ይልቁንም ኑሯቸውን ከውሃው ጋር ያስተሳሰሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ነበሩ።

ሩፔል ከጣና ያገኛቸውን ዓሦች በ1835 በጀመረው ጽሑፍ ገለጸ። ለአንዳንዶቹ የሰጣቸው ስሞች የላቲን ወይም የግሪክ ቃላት አልነበሩም። ጎርጓሪ፣ ነድጂያ፣ ሱርኪስ፣ ቤዞ የሚሉ ናቸው። ጎርጓሪ የሚለውን ቃልማ አማርኛ የሚናገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሌላውን ትንሽ ዓሣ ደግሞ በሐይቁ ሰሜን ከሚገኘው ከደንቢያ ምድር ስም ሰየመው። እንዲህ ሲያደርግ የአገሬው ሰው በየስሙ የለያቸው ዓሦች በእርግጥም የተለያዩ ናቸው ብሎ መቀበሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ከሩፔል በኋላ የመጡ ሊቃውንት በየሙዚየሙ የተቀመጡትን የጣና ዓሦች እየመረመሩ ስም በስም ላይ ጨመሩ። በ1973 ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ሁሉንም ከመረመረ በኋላ፣ የጣና ነጭ ዓሦች መልካቸው ይለያይ እንጂ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ዓሣ ናቸው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በዚህም ምክንያት ጎርጓሪ፣ ነድጂያና ሱርኪስ የሚሉት ስሞች ከመዝገብ ወጡ፤ ሁሉም ሩፔል ራሱ ኢንተርሚዲየስ ብሎ በሰየመው በአንዱ ዓሣ ስም ተጠቃለሉ።

ይህ ክርክር የስም ክርክር ብቻ አልነበረም። በ1986 በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በረጅም መረብ ማስገር ተጀመረ። የሐይቁ ዓሣ ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ባንድ በኩል ቢጠመድ በሌላ በኩል ይተካል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። ብዙ ዓይነት ከሆነ ግን አንዱ ዓይነት ማንም ሳያውቀው ለዘለዓለም ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛውን ማወቅ የግድ ሆነ።

በ1990ዎቹ የኔዘርላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በሐይቁ ላይ ተሰማርተው ዓሦቹን በሕይወት ሳሉ አጠኑ። የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሰውነታቸውን ልክ፣ የሚመገቡትን፣ የሚኖሩበትን ጥልቀትና የሚራቡበትን ቦታ መዘገቡ። ውጤቱም አስደናቂ ሆነ። ጎርጓሪ ሌሎች ዓሦችን አድኖ የሚበላ ነው፤ ነድጂያ ወፍራም ከንፈሩን ይዞ ከሐይቁ ወለል ትላትልን ይለቅማል፤ ሱርኪስ ደግሞ የውሃ ዕፀዋትን ይመገባል። በጠቅላላው 15 ያህል የተለያዩ ዓሦች ተለዩ። ከነዚህም ስምንቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ይህ ወገን በመንጋጋው ላይ ጥርስ የሌለው በመሆኑ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እምብዛም አይታይም። እንግዲህ ከመቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሩፔል ከአገሬው ቃል የወሰዳቸው ስሞች ወደ መዝገብ ተመለሱ።

ለዚህ ዓይነቱ ፍርድ የሩፔል ዓሦች ምስክር ናቸው። በሳይንስ ሕግ መሠረት አንድ እንስሳ ስም ሲወጣለት፣ ስሙ የወጣበት ናሙና በሙዚየም ይጠበቃል። ኋላ ጥርጥር ሲነሣ የሚፈረደው ያን ናሙና በማየት ነው። ሩፔል የሰበሰባቸው እንስሳት በፍራንክፈርት በዘንከንበርግ ሙዚየም ተጠብቀው በመቆየታቸው፣ የቀይ ባሕርንም ሆነ የጣናን ዓሦች የሚያጠና ሁሉ ወደ እነርሱ መመለስ ይገባዋል።

የተመራማሪዎቹ ሥራ ሌላም መጥፎ ዜና አመጣ። ከነጭ ዓሦቹ ግማሽ ያህሉ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭና ወደ ሌሎችም ወንዞች ወጥተው የሚራቡ ናቸው። ከመውጣታቸው በፊት በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። መረብ የሚጣልባቸውም በዚያ ነው። ገበሬ የዘር እህሉን ከበላ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው እንደማያገኝ ሁሉ፣ ዓሣውም እንቁላሉን ሳይጥል ከተያዘ ተተኪ አይኖረውም። ከ1991 እስከ 2001 ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ በወንዝ የሚራቡት ነጭ ዓሦች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። በ2003 ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አወጣች። ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ዓሣን አያድንም። በመራቢያው ወር መረቡን የሚሰበስብ አስጋሪ፣ ለዚያ ወር ሌላ መተዳደሪያ የሚያገኝለት አስተዳደርም ያስፈልጋል።

ሩፔል በ1834 ወደ አውሮጳ ከተመለሰ በኋላ የጉዞውን ታሪክ በሁለት ጥራዝ ጻፈ፤ ጥራዞቹም ከ1838 እስከ 1840 ታተሙ። በ1839 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳይ ሸለመው። በስሙ ከተሰየሙት እንስሳት መካከል የሩፔል ጥንብ አንሣ ይገኛል፤ ይህ አሞራ በ1973 በምዕራብ አፍሪቃ ሰማይ ከ11,000 ሜትር በላይ ሲበር ከአውሮፕላን ጋር በመጋጨቱ፣ ከወፎች ሁሉ ከፍ ብሎ የበረረ ተብሎ ተመዝግቧል። ሩፔል በእርጅናው ዘመን የእንስሳትን ጥናት ትቶ ስለ ጥንታዊ ሳንቲሞች ይመራመር ነበር። ዘጠና ዓመት ከሞላው በኋላ በታኅሣሥ 10 ቀን 1884 በተወለደባት ከተማ አረፈ።

የዚህ ሰው ሥራ ጉድለት የለውም አይባልም። ብዙ እንስሳትን ገድሎ ሰብስቧል፤ የረዱትን የአገሬው አስጋሪዎችና አዳኞች ስም ግን እንስሳቱ አልተሸከሙም። የእነርሱ ቃል እንጂ የእነርሱ ስም በመዝገብ አልገባም። ቢሆንም ሩፔል ከብዙዎች የሚለይበት ነገር አለ። መንገድ ሲዘጋበት ጊዜውን ለሥራ አዋለ፤ ወደማያውቀውም አገር ሲገባ የአገሬው ሰው ለነገሮች ያወጣውን ስም በንቀት አላለፈውም። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በስሜን ተራሮች፣ ጎርጓሪም በጣና ውስጥ ዛሬም አሉ። ጥበቃው ካልጠነከረ ግን ስሙ በመጽሐፍ ሲቀር ባለቤቱ ሊጠፋ ይችላል። ያ እንዳይሆን መጠንቀቅ የሩፔል ሳይሆን የዚህ አገር ልጆች ፈንታ ነው።

መልመጃ አንድ፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በጽሑፍ መልሱ።

1. ሩፔል ነጋዴ ከመሆን ይልቅ ተመራማሪ ለመሆን የመረጠው ለምንድን ነው?
2. በምጽዋ ሳለ መንገድ በተዘጋበት ጊዜ ምን ሠራ?
3. የጣና ዓሦች በሌላ ቦታ የማይገኝ መልክ የያዙት በምን ምክንያት ነው?
4. የጣና ነጭ ዓሦች አንድ ዓይነት ናቸው ወይስ ብዙ የሚለው ክርክር ለዓሣ አስጋሪው ምን ያገባዋል?
5. ጸሐፊው በሩፔል ሥራ ውስጥ ያያቸውን ጉድለቶች ጥቀሱ። በሐሳቡ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን አስረዱ።

መልመጃ ሁለት፦ «መረመረ» ከሚለው ግሥ «መርማሪ»፣ «ጎረጎረ» ከሚለው «ጎርጓሪ» የሚሉት የአድራጊ ስሞች ይወጣሉ። በዚሁ መንገድ ከሚከተሉት ግሦች የአድራጊ ስም አውጥታችሁ በዓረፍተ ነገር አግቡ።

ሀ. መሰከረ ለ. ተረጎመ ሐ. አሰገረ መ. ቀዘፈ ሠ. ሰበሰበ

መልመጃ ሦስት፦ በምትኖሩበት አካባቢ ሽማግሌዎች በስም ለይተው የሚያውቋቸውን አምስት ወፎች፣ ዓሦች ወይም ዕፀዋት ጠይቃችሁ መዝግቡ። ከነዚህ አንዱን መርጣችሁ መልኩን፣ መኖሪያውንና ጥቅሙን የሚገልጽ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ። የነገራችሁን ሰው በድርሰታችሁ ውስጥ ማመስገን አትርሱ።